አራስ ድመትና ልጆቿን ማዳን፦ ባሉበት መርዳት፣ ቤት ማስገባት፣ መጠለያ ወይስ በእጅ ማሳደግ?

ወሎ ውስጥ ድመት የምትወልድበት ቦታ ይታወቃል። ደሴ ላይ ኮርኒስ ውስጥ፣ ኮምቦልቻ የመጋዘን ጥግ፣ ወልዲያና መርሳ ወፍጮ ቤት ከጆንያ ክምር ጀርባ፣ ገጠር ወጣ ሲሉ ጎተራ ሥር ወይም ጭድ ውስጥ። ችግሩ የሚጀምረው ከተገኘች በኋላ ነው። አንዱ ልጆቹን አንስቶ የላም ወተት ሊያጠጣቸው ይሞክራል፤ ሌላው በካርቶን አድርጎ ገበያ ዳር ያስቀምጣቸዋል፤ ሌላው አዲስ አበባ ያለ መጠለያ የሚቀበልለት ሰው ያፈላልጋል። ሁሉም የሚያደርገው አዝኖ ነው። ግን በሦስቱም መንገድ ግልገሎቹ ከእናታቸው ጡት ሊለዩ ይችላሉ፤ አብዛኞቹንም የሚገድላቸው ይኸው መለየት ነው።

ስለዚህ አማራጮቹን የምንመዝነው በአንድ ጥያቄ ነው። እናትየዋ ቢያንስ 8 ሳምንት ሳትረበሽ እንድታጠባ የሚያደርጋት የትኛው ነው? ለአብዛኛው ሰው መልሱ "ለጊዜው ባለችበት መርዳት፣ ከዚያ ሁሉንም አንድ ላይ ወደ ጸጥተኛ ክፍል ማስገባት" ነው። መጠለያ ሦስተኛ ምርጫ ነው፤ ያለ እናት በእጅ ማሳደግ ደግሞ ሌላው በር ሁሉ ሲዘጋ ብቻ የሚገባበት ነው። ይህ የማይሠራባቸው ሁኔታዎች አሉ፤ እነሱንም በየቦታቸው እናነሳለን።

መጀመሪያ ዕድሜያቸው፣ ቀጥሎ የእናትየዋ ጠባይ

ምርጫው የሚወሰነው በእነዚህ ሁለት ነገሮች ስለሆነ ሳያዩ አይወስኑ።

ዕድሜን ለመለየት የሚከተለውን ይመልከቱ። የደረቀ እትብት ገና ካለባቸው ከ5 ቀን አይበልጣቸውም። ዓይናቸው ከተዘጋ ከ2 ሳምንት በታች ናቸው፤ ዓይን የሚገለጠው ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው። ጆሯቸው ቆሞ እየተንገዳገዱ ከሄዱ 3 ሳምንት ገደማ ሆኗቸዋል፣ የፊት ጥርሳቸውም ብቅ ብሏል። ሰው ሲያዩ ሮጠው ከተደበቁ ወይም ጀርባቸውን ቆልምመው "እፍ" ካሉ 5 ሳምንት አልፈዋል። ሚዛን ካለ የበለጠ ይረዳል፦ ሲወለዱ 100 ግራም አካባቢ ናቸው፣ በሳምንት ደግሞ ከ70 እስከ 100 ግራም ይጨምራሉ። ስለዚህ 400 ግራም የሆነ ግልገል የወር ልጅ ነው ቢሉ ብዙ አይሳሳቱም። ዓይኑና ጥርሱ የወር ልጅ ነው እያለ 250 ግራም ብቻ ከመዘነ ግን ተርቧል ወይም ታሟል።

የእናትየዋን ጠባይ ለማወቅ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ምግብ እየሰጡ ይመልከቱ። ለማዳ ድመት ጭራዋን ቀጥ አድርጋ ትመጣለች፣ ድምፅ ታሰማለች፣ እርስዎ እያሉ ትበላለች። ድንጉጧ እርስዎ ከቦታው እስኪርቁ አትበላም። በሁለቱ መካከል ያለችም አለች፤ አብዛኛዋ የወሎ ድመት እንዲህ ናት። አይጥ እንድትይዝ ተብላ በግቢ የኖረች፣ ሰው የማትፈራ፣ ግን ተይዛ የማታውቅ። እንዲህ ያለችው ለማዳ መስላ ስትያዝ አራስ ነብር ትሆናለችና እጅዎን አይመኑባት።

አንድ ጥንቃቄ። ግልገሎች ብቻቸውን ቢገኙ እናት የላቸውም ማለት አይደለም። እናትየዋ ለምግብ ወጥታ ለብዙ ሰዓት ልትቆይ ትችላለች፤ ሰው በአጠገቡ ከቆመም አትመለስም። በጎጇቸው ዙሪያ ቀጭን የዱቄት መስመር ይርጩና ቢያንስ 10 ሜትር ርቀው ይሂዱ፤ ከ4 ሰዓት በኋላ ተመልሰው የእግር ኮቴ ይፈልጉ። ሆዳቸው የሞላ፣ ተቃቅፈው ዝም ያሉ ግልገሎች እናት አላቸው። ያለማቋረጥ የሚጮሁ፣ ሲነኳቸው የሚቀዘቅዙ፣ ሆዳቸው የተጣበቀ ግን መጠበቅ የለባቸውም።

ባሉበት መርዳት

ቀላሉ ምርጫ ይህ ነው፤ ለድንጉጥ እናት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሁሉ የተሻለው ነው። ቦታው ዝናብ የማይገባው፣ ውሻ የማይደርስበት፣ ባለቤቱም ለሁለት ወር የታገሠ ከሆነ ልጆቹ 4 ወይም 5 ሳምንት እስኪሞላቸው እዚያው ይቆዩ። እርስዎ የሚያደርጉት ምግብና ውኃ ከጎጆው 3 ሜትር ያህል አርቆ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ማስቀመጥ ነው። ጎጆው አጠገብ አያስቀምጡ፤ ሽታው ሌሎች ድመቶችን ይጠራል፣ ወንድ ድመት ደግሞ የሌላ ወንድ ልጆችን ሊገድል ይችላል።

ይህ ምርጫ የሚበላሽበት ዋናው ምክንያት የሰው ጉጉት ነው። ጎጆው በቀን ሦስት ጊዜ ከተጎበኘ እናትየዋ ልጆቿን አንድ በአንድ በአፏ ይዛ ታዛውራለች፤ አዲሱ ቦታ ደግሞ ከመጀመሪያው ሊብስ ይችላል። ኮርኒስ ውስጥ ከወለደች ተጨማሪ አደጋ አለ፦ 4 ሳምንት ሲሆናቸው መዘዋወር ይጀምሩና በግድግዳው ክፍተት ይወድቃሉ። ከዚያ ወዲያ ማውጣት ግድግዳ ማፍረስ ነው። ስለዚህ የኮርኒስ ልጆች 3 ሳምንት ሳይሞላቸው መውረድ አለባቸው።

ወቅቱንም ያስቡ። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናትና ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው የሌሊት ብርድ ገና ዓይን ያልገለጠ ግልገልን ይገድላል። በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ጎርፍና እርጥበት አለ፤ በበልግም ዝናብ ሳይታሰብ ይመጣል። ኮምቦልቻና ከሚሴ ዝቅ ያሉ ሞቃት ቦታዎች ስለሆኑ ብርዱ ይቀላል፣ ቁንጫው ግን ይበረታል። ቁንጫ የትንሽ ግልገልን ደም መጥጦ ሊገድል ይችላል፤ ድዱ እንደ ወረቀት ከነጣ ባለበት የመተው ምርጫ አብቅቷል።

የአይጥ መርዝ በሚረጭበት መጋዘንም ባሉበት መርዳት አይሠራም። እናትየዋ የተመረዘ አይጥ በልታ ከሞተች ልጆቹም ተከትለዋት ይሄዳሉ። ከባለ መጋዘኑ ጋር ቁጭ ብለው ይነጋገሩ፤ ድመቷ እያለች መርዝ አያስፈልገውም። ካልተስማማ በዚያው ሳምንት ያውጧቸው።

ቤት ማስገባት

ጊዜ፣ አንድ በር የሚዘጋ ክፍልና የሥጋ ትራፊ የሚያገኙበት ቦታ ካለዎት ከሁሉ የምንመርጠው ይህን ነው። ክፍሉ ሰፊ መሆን የለበትም፤ ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር የሆነ ዕቃ ቤት ይበቃል። ሳሎን ግን አይሆንም፤ እንግዳ ይመጣል፣ ሕፃናት ይነካኳቸዋል።

አያያዙ ላይ ብዙ ሰው ቅደም ተከተሉን ይገለብጠዋል። መጀመሪያ እናቲቱ ትያዝ፣ ከዚያ ልጆቹ። ልጆቹ ቀድመው ከተነሱ እናትየዋ ፈርታ ልትጠፋ ትችላለች። በሩ የሚዘጋ ሳጥን ወይም የሽቦ ቤት ያዘጋጁ፤ ለ3 እስከ 5 ቀን በሩን ክፍት አድርገው ምግቧን ከውስጥ ጥግ ያስቀምጡላት። ስትለምደው በሩን በገመድ ከሩቅ ይዝጉት፣ ወዲያው በጨርቅ ይሸፍኑት። ጨለማ ያረጋጋታል። አልገባ ካለች ልጆቹን ከጨርቅ ጋር በትንሽ ሳጥን አድርገው ከትልቁ ሳጥን ጀርባ ያስቀምጡ፤ ድምፃቸው ይጠራታል። ያን ጊዜ ግን ልጆቹ እንዳይበርዳቸው ከአንድ ሰዓት በላይ አይቆዩ። ጓንት ያድርጉ፤ የቆዳ ከሌለ በብርድ ልብስ ድርብርብ ይያዙ።

ከነከሰችዎት ወይም ከቧጨረችዎት ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ሙሉ ይጠቡ፣ በዚያው ዕለት ጤና ጣቢያ ይሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ከድመትም ይተላለፋል፤ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም። ድመቷን አይግደሏት፣ አይልቀቋትም፤ ለ10 ቀን ዘግተው ይከታተሏት። በእነዚያ ቀናት ጤነኛ ሆና ከቆየች ስትነክስ በሽታውን አላስተላለፈችም ማለት ነው። ውሳኔውን ግን ለጤና ባለሙያው ይተዉ፤ 10 ቀኑ እስኪሞላ ብለው ክትባቱን አያዘግዩ።

የአራስ ቤቷ የሙዝ ካርቶን ወይም ወደ 60 በ40 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሳጥን ነው። መግቢያው ከመሬት 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ እናት ትዘለዋለች፣ ልጆቹ አይወጡም። ከታች ጋዜጣ፣ ከላይ አሮጌ ጋቢ ወይም ፎጣ። ቋጭት ያለው ነጠላ አይሁን፤ ክሩ በትንንሾቹ እግርና አንገት ይጠመጠማል። በየሁለት ቀኑ ይቀይሩት። ደሴ ላይ ወይም ሌላ ደጋ ከሆኑ በሞቀ ውኃ የተሞላ የሃይላንድ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልለው በሳጥኑ አንድ ጥግ ብቻ ያስቀምጡ፤ የሞቀው ግልገል ወደ ሌላው ጥግ መሸሽ መቻል አለበት። መብራት ሲጠፋም ይሠራል፣ እሳትም አያስነሳም። በመጀመሪያው ሳምንት የጎጆው ሙቀት ከ29 እስከ 32 ዲግሪ ቢሆን ይመረጣል፤ ከዚያ ቀስ እያሉ ይቀንሱ።

ለመጸዳጃዋ ሳፋ ላይ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል አሸዋ ወይም ሰጋቱራ ያድርጉ። ብዙ ቤት አመድ ይጠቀማል፤ እርጥብ አመድ ግን የትንንሾችን እግር ሥር ያቃጥላልና ልጆቹ ካሉ ይተውት። ነፍሰ ጡር ሴት ሳፋውን አታጽዳ፤ ከድመት ሰገራ የሚተላለፈው ቶክሶፕላዝማ የሚባል ጥገኛ ተውሳክ ጽንስን ይጎዳል። ሌላው ሰው በየቀኑ ቢያጸዳው ጥገኛው ሰው ለመያዝ ሳይደርስ ይወገዳል፤ ሰው ወደሚይዝበት ደረጃ ለመድረስ ቢያንስ አንድ ቀን ይፈጅበታል።

ምግብ ላይ እንቆይ፣ ብዙው የሚበላሸው እዚህ ነውና። የ3 ኪሎ ድመት በወትሮው ቀን 150 ግራም ያህል ሥጋ ይበቃታል። አራት ልጅ የምታጠባ ከሆነች የሁለት ወይም የሦስት እጥፍ ትበላለች፤ ከ300 እስከ 450 ግራም፣ በ4 ጊዜ ተከፍሎ። እንጀራ በሽሮ እናትየዋን ያጠግባት ይሆናል፣ አያኖራትም። ድመት ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር ከሥጋና ከዓሣ ካላገኘች ውላ አድራ ልቧና ዓይኗ ይጎዳል፤ ልጆቿም ደክመው ያድጋሉ። ታውሪን በቅቅሉ ውኃ ውስጥ ስለሚወጣ ሥጋውን ሲቀቅሉ መረቁን አይድፉት፣ አብረው ይስጧት። ጨው፣ በርበሬ፣ በተለይም ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የገባበት ወጥ ግን አይሰጥም፤ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ይሰባብራል። የወጥ ትራፊ የለመደች ድመት ድዷ የሚገረጣው አንዱ በዚህ ነው።

ሥጋ ብቻ ደግሞ ካልሲየሙ በጣም ጥቂት ነው። ለግማሽ ኪሎ ሥጋ ግማሽ የሻይ ማንኪያ በደንብ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ይጨምሩ፤ ቅርፊቱን አስቀድመው ቀቅለው ያድርቁት። ይህ ከሌለ ከወለደች ሁለተኛው እስከ አራተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ካልሲየሟ ወርዶ መንቀጥቀጥ፣ መንገዳገድና መውደቅ ሊመጣ ይችላል። ያ ሲታይ ልጆቹን ለይተው በሰዓቱ ወደ እንስሳት ሐኪም ይሮጡ፤ በመርፌ ካልሆነ አይመለስም። ጉበት በሳምንት ሁለት ቀን በትንሹ ብቻ፤ ሲበዛ ቫይታሚን ኤ ይመርዛል። ሳንባና ሌላ የሆድ ዕቃ ውኃ የቋጠረ እብጠት ካለበት አይውሰዱ፤ ንጹሑንም ቢሆን ቀቅለው ነው የሚሰጡት። ሐይቅ አካባቢ ያሉ የዓሣ ጭንቅላትና ትራፊ በቀላሉ ያገኛሉ፤ ተቀቅሎ አጥንቱ ከወጣለት ጥሩ ነው።

በዐቢይ ጾም 55 ቀን የክርስቲያን ሥጋ ቤት ይዘጋል፤ ድመቷ ግን አትጾምም፣ የምታጠባ ናት። ወሎ ላይ ይህ ችግር መፍትሔው ቅርብ ነው፤ የሙስሊም ጎረቤትና የሙስሊም ሥጋ ቤት አለ። ትራፊውን አስቀድመው ይያዙ። በረመዳን ደግሞ ሥጋ ቤቱ ሰዓቱ ስለሚቀያየር ከአንድ ቀን በፊት ያስነግሩ። ከሁለቱም ከጠፋ በቀን አንድ የተቀቀለ እንቁላልና የሳርዲን ቆርቆሮ ለሁለት ሦስት ቀን ያሻግራል።

መድኃኒት ላይ የሚሠራው ስህተት ከረሃብ ይብሳል። ወሎ የከብት አገር ስለሆነ በየመድኃኒት ቤቱ ያለው የከብት መድኃኒት ነው። ለምሳሌ 1 በመቶ የሆነው የአይቨርሜክቲን መርፌ ለ50 ኪሎ ከብት 1 ሚሊ ሊትር ነው መጠኑ። ይህን ለግማሽ ኪሎ ግልገል ቢያሰሉት 0.01 ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ በተራ ሲሪንጅ የሚለካ አይደለም፣ "ጠብታ ብቻ" የተባለው ደግሞ የብዙ እጥፍ መጠን ነው። ዳያዚኖንና ፐርሜትሪን ያለበት የመዥገርና የቁንጫ መድኃኒት ድመትን ይገድላል። ለሰው የሚሰጥ ፓራሲታሞል አንድ ፍሬም ቢሆን ይገድላታል። ቁንጫ ላለበት ትንሽ ግልገል የሚሠራው ለብ ባለ ውኃና በሳሙና አንገቱን አስቀድሞ አጥቦ፣ ቁንጫውን በጥቅጥቅ ማበጠሪያ ለቅሞ፣ ወዲያው ማድረቅ ነው። አንገቱን ካላስቀደሙ ቁንጫው ወደ ፊቱ ይወጣል። ወስፋት ከእናት ወተት ስለሚተላለፍ ልጆቹ ሁሉ አለባቸው ብለው ይነሱ፤ ፓይራንቴል የሚባለው ሽሮፕ ከ2 ወይም ከ3 ሳምንት ዕድሜ ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ ይሰጣል፣ መጠኑን በክብደት ሐኪም ያስላልዎት። ቤቱን በዴቶል አይጠቡ፣ ለድመት መርዝ ነው።

የእንስሳት ሐኪም ማግኘትን አስቀድመው ያስቡ። የመንግሥት የእንስሳት ክሊኒኮች በዋናነት ለከብት፣ ለበግና ለፍየል የቆሙ ናቸው፤ የድመት ቀዶ ጥገና መሥራታቸውን ሳይጠይቁ ይዘው አይሂዱ። ደሴ ላይ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት አለ፤ ለመጠየቅ ጥሩ መነሻ እሱ ነው።

ልጆቹን በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ይመዝኑ። ከ10 እስከ 15 ግራም የጨመረ ደህና ነው። አንድ ቀን ሳይጨምር የዋለ ይታይ፤ የቀነሰ ከሆነ በዚያው ዕለት እርምጃ ይፈልጋል። እናትየዋ ላይ ደግሞ የሚታየው ጡቷ ነው፤ አንዱ ጡት ከሌላው ተለይቶ ከጋለ፣ ከጠጠረ፣ ወደ ወይን ጠጅ ከዞረ ሐኪም ያስፈልጋታል።

ከ3 እስከ 7 ሳምንት ያለው ጊዜ ሰው የሚለምዱበት ነው። በዚህ ጊዜ በቀን ሁለት ሦስቴ ለ15 ደቂቃ ቢያዙ ከድንጉጥ እናት የተወለዱትም ለማዳ ይሆናሉ። ካለፈ በኋላ ግን ሥራው ይከብዳል። ለድንጉጥ እናት ልጆቹ 4 ወይም 5 ሳምንት ሲሆናቸው ሁሉንም አስገቡ የምንለው ለዚህ ነው።

መጠለያ፦ መስጠትም፣ ከዚያ መውሰድም

ለትንንሽ እንስሳት የቆሙ መጠለያዎች በዋናነት ያሉት አዲስ አበባና ዙሪያዋ ነው፤ ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ። አብዛኛው ሥራቸው ከውሻ ጋር ነው፣ ቦታቸውም ይጠባል። መጠለያ ሲባል የሚታሰበው ዕረፍት ቢሆንም ለአራስ ድመት የውሻ ጩኸት ባለበት መኖር ዕረፍት አይደለም። ሌላው ክፉ ነገር በሽታ ነው። ብዙ ድመት በአንድ ጣሪያ ሥር ሲኖር የድመት ጉንፋንና ፓንሉኮፔኒያ የሚባለው ተቅማጥና ትውከት የሚያመጣ በሽታ ይዛመታል። ግልገል ከእናቱ እንገር ያገኘው መከላከያ ከ6ኛው ሳምንት ጀምሮ እየደከመ ይሄዳል፤ ያው መከላከያ እያለ ደግሞ ክትባቱን ይሽረዋል። ክትባት በየ3 እና 4 ሳምንቱ እስከ 16 ሳምንት የሚደጋገመው ስለዚህ ነው፤ በመካከል ያለው ክፍተት መጠለያ ውስጥ ሲያልፍ አደገኛ ነው።

ስለዚህ ወደ መጠለያ መላክ የሚያስፈልገው እናትየዋ ከባድ ቀዶ ጥገና ሲያስፈልጋት፣ ወይም እርስዎ ከተማውን ሲለቁና የሚቀበል ሰው ሲጠፋ ነው። አስቀድመው ደውለው "እናትና ልጆችን በተለየ ክፍል ታኖራላችሁ?" ብለው ይጠይቁ። መልሱ "ከሌሎቹ ጋር" ከሆነ አይላኩ።

በተቃራኒው መንገድ፣ ማለትም ከመጠለያ አንድ ቤተሰብ አውጥቶ ወሎ ማምጣት፣ ከልብ የምናበረታታው ነው። ከመጠለያ ለመውጣት ከሁሉ የሚያስቸኩላቸው አራሷና ልጆቿ ናቸው። የትኛውን ቤተሰብ እንውሰድ ለሚለው ግን ልዩነት አለ። ልጆቹ ከ3 ሳምንት በታች ከሆኑ መንገዱ አይችላቸውም፤ አዲስ አበባ የሚያቆያቸው ቤት ይፈልጉላቸው። 5 እና 6 ሳምንት የሆኑት ከእናታቸው ጋር በደንብ ይጓዛሉ፤ ለጀማሪ የሚስማሙትም እነዚህ ናቸው። 8 ሳምንት አልፏቸው የተከተቡት ጉዞው ይቀላቸዋል፣ ግን ያን ያህል ጊዜ መጠለያ ውስጥ ስለቆዩ የበሽታ ምልክት አጥብቀው ይዩባቸው፦ የዓይን ማር፣ የአፍንጫ ፈሳሽ፣ ማስነጠስ፣ ተቅማጥ። ከልጆቹ አንዱ ባለፈው ሳምንት ሞቶ እንደሆነም ይጠይቁ።

የመንገዱን ነገር ቀላል አያድርጉት። ከደብረ ብርሃን ወጥተው ጣርማ በር ላይ ብርድ ነው፤ ትንሽ ቆይተው ሸዋ ሮቢት ሲወርዱ ሐሩር ነው፤ ከዚያ እንደገና ወደ ደሴ ዳገት። አንድ ወፍራም ብርድ ልብስና አንድ ስስ ጨርቅ ይያዙ፣ እየቀያየሩ ሳጥኑን ያልብሱት። ሳጥኑን ከመኪናው ጣሪያ ላይ ወይም ከሻንጣ ጋር አይጫኑት። እናትየዋ መኪና እየሄደ አታጠባም፤ በየ3 ሰዓቱ መኪናውን አቁመው፣ ሳጥኑን ሳይከፍቱ፣ 20 ደቂቃ በጸጥታ ይጠብቋት። ከመነሳትዎ በፊት ባሉት 4 ሰዓታት እሷን አይመግቧት፣ ታስታውካለች። ውኃ ግን በየማረፊያው ይስጧት።

ቤት ድመት ካለዎት አዲሶቹን ለ14 ቀን በተለየ ክፍል ያቆዩ፣ ልብስና ጫማ ይለዩ። የፓንሉኮፔኒያ ቫይረስ ወለል ላይ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመት ይቆያል። ተራ ሳሙና አይገድለውም። መጀመሪያ ቆሻሻውን በሳሙና ያጥቡ፣ ከዚያ በ1 ሊትር ውኃ 30 ሚሊ ሊትር በረኪና በጥብጠው ወለሉን 10 ደቂቃ ያርጥቡት፣ ከዚያ በንጹሕ ውኃ ያለቅልቁት። ድመቶቹ እስኪደርቅ ከክፍሉ ውጭ ይሁኑ።

ያለ እናት በእጅ ማሳደግ

እናትየዋ መሞቷ ከተረጋገጠ ሌላ የምታጠባ ድመት መፈለግ ይቀድማል። ልጆቿ በዕድሜ ከተቀራረቡና ከ4 ወይም ከ5 የማይበልጡ ከሆነ አብዛኛዋ እናት እንግዳውን ትቀበላለች፤ በእሷ ልጆች ጨርቅ አሻሽተው በመካከላቸው ያስገቡት።

ይህ ካልተገኘ ዋናው ሕግ የበረደውን አለመመገብ ነው። የበረደ ግልገል ሆዱ አይፈጭም፣ ወተቱ ውስጡ ይበላሻል። በደረትዎ ላይ ወይም በተጠቀለለ የሞቀ ጠርሙስ ቀስ ብለው ያሙቁት፤ አፉ ውስጡ ሲሞቅና መጥባት ሲጀምር ያኔ ይመግቡት። ከ2 ሳምንት በታች ላለው በየ2 እና 3 ሰዓቱ፣ ሌሊትንም ጨምሮ። መጠኑ ለ100 ግራም ክብደት በአንድ ጊዜ ከ4 ሚሊ ሊትር ሳይበልጥ፣ በቀን በድምሩ ከ20 እስከ 25 ሚሊ ሊትር ነው። በሆዱ አስተኝተው፣ ራሱን ትንሽ ቀና አድርገው። ሕፃን እንደሚታቀፍ በጀርባው ካስተኙት ወተቱ ሳንባው ይገባል፤ በእጅ ከሚያድጉት ብዙዎቹ የሚሞቱት በዚህ ነው።

የላም ወተት ብቻውን ፕሮቲኑና ስቡ ለግልገል ያንሳል፣ ላክቶሱ ያስቀምጠዋል። የፍየል ወተት ለሆድ ይቀላል፣ ይበቃል ግን አይባልም። የሕፃናት የዱቄት ወተትም እንዲሁ። ለድመት የተሠራ የዱቄት ወተት እስኪገኝ ማሻገሪያው 240 ሚሊ ሊትር የተፈላ ሙሉ ወተት (የፍየል ቢሆን ይመረጣል)፣ 2 የእንቁላል አስኳል፣ 1 የሻይ ማንኪያ ዘይት ነው። አስኳሉ ወተቱ ለብ ሲል ይግባ፤ በ38 ዲግሪ ይሰጥ፣ የተረፈው ከ24 ሰዓት በላይ አይቆይ። ከእያንዳንዱ ምግብ በኋላ በእርጥብ ለስላሳ ጨርቅ መሽኛቸውንና ፊንጢጣቸውን ቀስ ብለው ይዳብሱ፤ እስከ 3 ሳምንት ያለዚህ አይጸዳዱም፣ እናት በምላሷ የምታደርገው እሱን ነው።

ሁሉም በትክክል ቢሠራም ከእናት ጋር ካለው ግልገል ይልቅ የእጅ ልጅ ብዙ ይሞታል። ሌሊት ለሦስት ሳምንት መነሳት የማይችል ሰው ባይጀምረው ይሻላል፤ መነሳት ከሚችል ሰው ጋር ቢተባበር ግን ብዙ ይረዳል።

በየሁኔታው የትኛው?

ሱቅ ውስጥ ሥራ የሚበዛብዎት፣ እናትየዋ ድንጉጥ፣ ቦታው ደረቅ ከሆነ ባሉበት ይርዷቸውና 5ኛው ሳምንት ላይ የሚያስገባ ጎረቤት ከአሁኑ ይፈልጉ። እናትየዋ ለማዳ ሆና ክፍል ካለዎት ዛሬውኑ ያስገቧት። ኮርኒስ ውስጥ ከሆኑ፣ ድዳቸው ከነጣ፣ መርዝ ካለ ወይም ውሻ ከደረሰባቸው የእናትየዋ ጠባይ ምንም ይሁን ምን ያስገቡ። ኪራይ ቤት ሆነው አከራዩ ካልፈቀደ የወፍጮ ቤትና የእህል ነጋዴ ይጠይቁ፤ ብዙዎቹ ድመት ይፈልጋሉ፣ ዕቃ ቤትም አላቸው።

ጡት ማስጣልና ማሰራጨት

በ4ኛው ሳምንት የተቀቀለ ሥጋ በመረቁ አላልተው በዝቅተኛ ሳህን ያቅርቡ፤ በ8ኛው ሳምንት በቀን 4 ጊዜ ራሳቸውን ችለው ይበላሉ። ከ8 ሳምንት በፊት አይስጧቸው፣ 10 ሳምንት ቢሆናቸው የተሻለ ነው። ቀድሞ የተለየ ግልገል መንከስና መፍራት ይበዛበታል። በሁለት በሁለት ቢሄዱ ይላመዳሉ። የአይጥ መርዝ ለሚያስቀምጥ ቤት አይስጡ፤ ይህን አፍ አውጥተው ይጠይቁ። 3 ወር ሲሞላቸው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት እንዲወስዱ ከተቀባዩ ጋር ይስማሙ።

እናትየዋ እያጠባች እንኳ ዳግም ልታረግዝ ትችላለች፣ እርግዝናውም 9 ሳምንት ገደማ ብቻ ነው። የብርሃን ማጠር ድመትን ከመራባት ያዘገያል፤ እኛ ጋ ግን የቀኑ ርዝመት ዓመቱን ሙሉ ብዙ ስለማይለያይ ማረፊያ ወቅት የላትም። ስለዚህ ልጆቹ ጡት እስኪጥሉ ወንድ ድመት ወደ ክፍሉ አያስገቡ። ወተቷ ለመድረቅ ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጅበታል፤ ያኔ ታምክን። ቀጠሮውን ልጆቹ 6 ሳምንት ሲሆናቸው ይያዙ፣ በክልል ከተማ የድመት ቀዶ ጥገና ቀን ማግኘት ጊዜ ይወስዳልና። ልጆቹም ከ4 ወር ጀምሮ መምከን ይችላሉ፤ ሲሰጧቸው ለተቀባዩ ቀኑን በወረቀት ጽፈው ይስጡት።